ጾም የሌለበት ዓርብ

«በእታለም ኩባያ እንዳትጠጪ አላልኩሽም?»

ጽጌሬዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ግን ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በዚያ ቤት ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። በቤቱ «እታለም» የምትባለው እጸገነት ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጉርድ ቀሚሷን ወገብ በመርፌ ቁልፍ እየሰበሰበች ነበር። ሩቲ፣ የወንድሟ የሰባት ዓመት ልጅ፣ «ለምን?» ስትል ሰማች። «አሟታላ።» «ምኗን?» ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ፤ ኩባያው ታጠበ፤ ከዚያ እንደገና ታጠበ። እጸገነት ሁለተኛውን እጥበት ስታዳምጥ መርፌ ቁልፉ አውራ ጣቷን ወጋት። የወጣችውን የደም ጠብታ የሌላ ሰው ደም የምታይ ይመስል አየቻትና በመሐረብ ጠረገቻት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ከዑራኤል ወረድ ብሎ፣ ካዛንቺስ ጓሮ፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ በእሷ ስም የዞረ፣ ወንድሟን አምኃን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችበት፣ ሚስት ሲያገባ «ሌላ ቤት ምን ያደርግላችኋል» ብላ ሰፊውን ክፍል የለቀቀችለት ቤት። ይህን ሁሉ እያወቀች የኩባያውን እጥበት ስትሰማ ምንም አልተሰማትም። ጫማዋን አጠለቀች።

ሳህኑ ከመጣ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት አራቱም በአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። አንድ ማታ ጽጌሬዳ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሳህን ይዛ መጥታ፣ «እትዬ፣ እንዲመችሽ ያንቺን ለብቻ አወጣሁልሽ» አለች። አምኃ ቀና ብሎ አላየም፤ እንጀራውን ቆረሰ። እጸገነት ያን ማታ የገባት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከገዛ ቤቷ ትሪ መባረሯ። ሁለተኛው ይበልጥ አስፈራት፤ ትሪ ይሸሽጋል፣ ሳህን አይሸሽግም። ከሰው ጋር ስትበላ ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ ወጡን ወደ ልጅቷ ገፋ አድርጋ፣ አንዱን አጉርሳ ሌላውን በእጇ ይዛ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ትችል ነበር። ትሪው ባዶ ሲሆን ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። ሳህኑ ላይ ግን የተወችው ሁሉ ይታያል። ኩንታል ጤፍ ሺህ ብር በተጠጋበት ዓመት፣ ጎረቤት ሁሉ እንጀራውን እያሳነሰ በሚጋግርበት ዓመት፣ እሷ ያልተነካ እንጀራ በየማታው ትመልሳለች። ጽጌሬዳ ያን ትራፊ ለማንም አትሰጠውም፤ በፌስታል ቋጥራ ትጥለዋለች። እጸገነት አንድ ቀን ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ አይታዋለች።

ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ሸሽጓት ነበር። በጾም የከሳ ሰው ይመሰገናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመሷን የሰፈሩ ሴቶች እያዩ «እሷስ ጾመችው» ይሉ ነበር፤ የበላችውን ሦስት ጉርሻ የምታስታውክበትን ሽንት ቤት ግን ማንም አላየም። ፋሲካ ሲመጣ ሽፋኑ ተገፈፈ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ለማይበላ ሰው በዓመት ውስጥ ከዚህ የከፋ ሃምሳ ቀን የለም። ዶሮው ተሠራ፣ ቅርጫው ገባ፣ እጸገነት ግማሽ እንቁላል በልታ «ቆየት ብዬ እበላለሁ» አለች። ያኔ ነው ማየት የጀመሩት፤ አንገቷን፣ ጉንጯን፣ እጅጌዋ ውስጥ የሚንሸራተተውን ሰዓቷን። በዚህ ከተማ ሰው ሲከሳ የሚታሰበው በሽታ አንድ ብቻ ነው። በሬዲዮ፣ በፖስተር፣ በቲሸርት፣ በየእድሩ ስብሰባ «አታግልሉ» ሲባል ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት የቀረልን ኩባያ ሁለቴ ማጠብ ነው። በሽታው ቢኖርባትስ? በኩባያ እንደማይተላለፍ ሩቲ እንኳ በትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ በሥዕል አይታዋለች።

እንደሌለባት ታውቃለች። ከመጨረሻው ሰው ጋር ስትለያይ ከሰባት ዓመት በፊት ተመርምራለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም የለም። ይህን ግን ለወንድሟ ሚስት በምን ቋንቋ ትነግራታለች? ስለዚህ ከግቢው በር ስትወጣ ወሰነች። ዛሬ ከሥራ በኋላ ትመረመራለች፣ ወረቀቱን ታመጣለች፣ ራት ሲቀርብ ፊታቸው ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ በትሪው ትበላለች። ያላደረገችውን አለማድረጓን በማኅተም ማረጋገጥ ነበረባት። ይህ እንዲያቃጥላት ጠበቀች፤ አላቃጠላትም። ዋናው መንገድ ጋ ስትደርስ እንደየዕለቱ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ጡረተኛ ወታደር ፊት ቆመች፣ ሃምሳ ሳንቲሟን ሰጠቻቸው፣ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አርባ አራት ኪሎ። በየካቲት ሃምሳ አምስት ነበረች። ሽማግሌው ወደ መርፌው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሚዛኑ ትንሽ ያጎድላል፣ ልጄ። ላሠራው ነው» አሉ።

«ትናንትም ብለውኛል።»

«ትናንትም ያጎድል ነበር።»

ለገሃር አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ታክሲ ውስጥ የሰው ሽታና የናፍታ ሽታ ያስመልሳታል። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችበት መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ባለሁለት መስኮት፣ እስከ ጣሪያው ፋይል የተደረደረበት፣ ዘጠኝ ሴቶች የሚሠሩበት። በየካቲት «ቢፒአር» መጣ። አሠራር ሊሻሻል ነው ተባለ፣ በሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ፣ በሥልጠናው ማብቂያ መዝገብ ቤቱ ለአራት ሰው እንደሚበቃ በፕሮጀክተር ታየ። ዘጠኝ ሴት፣ አራት ወንበር። ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ይችለዋል። ያልቻለችው ፎርሙን ነው። ዘጠኙም ሴቶች እያንዳንዳቸው ስምንቱን ጓደኞቻቸውን ከመቶ እንዲመዝኑ ታዘዙ፤ በምስጢር፣ በፖስታ ታሽጎ። አሥር ዓመት አብረው ምሳ የበሉ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ያገነፋች ሴቶች ቁጭ ብለው ተመዛዘኑ። ይህን የፈጠረው ጭንቅላት ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ምናልባትም አድጎበታል። እጸገነት ለሁሉም ዘጠና ሰጠች። ፖስታውን ካስረከበች በኋላ ሌሎቹ ምን እንደሰጧት ማሰብ ጀመረች፤ ያን ቀን ምሳዋ አልወርድ አለ፣ ከዚያ ወዲህም በወጉ ወርዶ አያውቅም። ድልድሉ «ሰኞ ይለጠፋል» ተባለ። አልተለጠፈም። በሚቀጥለው ሰኞም እንዲሁ። አሁን አሥራ ሁለተኛው ሰኞ እየመጣ ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ አርአያ ረፋዱ ላይ በሩ ጋ ብቅ አሉ። ዘጠኙም እጃቸውን ከፋይል ላይ አነሱ።

«ደህና ናችሁ? ሥራ ላይ ናችሁ፤ በርቱ። ሰኞ ነው።»

«የትኛው ሰኞ?» አለች ሀምዲያ ከጥግ።

«ማለቴ... የሚመጣው። የበላይ አካል ከፈረመ።» ሄዱ። እጸገነት የያዘችውን ፋይል ቁጥር ለማንበብ ሞከረች፤ ቁጥሮቹ ነበሩ፣ ማንበቡ ግን አልሆነላትም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዎቹ ተገጣጠሙ፣ ጋዜጣ ተነጠፈ፣ ምሳ ዕቃዎቹ ተከፈቱ። ሁሉም አምጥተው አንድ ላይ ነው የሚበሉት። የፋሲካ ሃምሳ ቀን ስለሆነ ዓርብም ሥጋ ነው፤ ጥብስ፣ ምንቸት አብሽ፣ አንዷ ዱለት ይዛ መጥታለች። ሽታው ሲያገኛት እጸገነት በአፏ መተንፈስ ጀመረች። እንደ ልማዷ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዘረጋች። «ውይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች ሴትየዋ፣ ገና መጀመሪያውን ጉርሻ እያላመጠች። ወደ ሌላዋ ዘረጋች። «እኔ ጨጓራዬ...» አለች ሌላዋ። ጉርሻው በእጸገነት ጣቶች ውስጥ ቀረ። መልሳ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ አስቀመጠችውና ክዳኑን ገጠመች።

«እጹ፣ ነይ እኔ ጋ» አለች ሀምዲያ። የቀሩት ሥጋ ሲበሉ እሷ ለብቻዋ ነው የምትበላው፤ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ አይገናኝም፣ በጾም ወራት ግን ሁሉም በሽሮ ይታረቃሉ። «ምስር ነው፣ ሃይማኖትሽን አይነካም።»

«በልቻለሁ።»

«ምኑን? የፋይል ክሩን?» ወንበር ሳበችላት። ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ሀምዲያ ድምፅ መቀነስ አታውቅም። «አንቺ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ዛሬ ልመረመር ነው። ወረቀት ላምጣላቸው ብዬ።»

«ለእነማን? ለነዚህ?»

«ለቤት።»

ሀምዲያ ማኘኳን አቆመች። ከወዲያ ጠረጴዛ ያለው ወሬ ቀዝቀዝ አለ። «በቤትም?» አለች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ተያቸው። እኔን በየፋሲካው ለብቻዬ ሲያበሉኝ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ እያቸው ማን እንደወፈረ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ምርመራው ረጅም አልነበረም። ከካዛንቺስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለች አነስተኛ ክሊኒክ ልዑልቃል የሚባል ወጣት ነርስ ጣቷን ወጋት፣ ሃያ ደቂቃ ኮሪደር ላይ አስቀመጣት፣ መልሶ ጠራት። በሩን ዘግቶ፣ ወንበሩን አስጠግቶ፣ በተማረው ለስላሳ ድምፅ «ውጤቱን ለመስማት ዝግጁ ነሽ?» አላት። «ነኝ።» «ነፃ ነሽ።» ፊቷን እየተመለከተ ጠበቀ፤ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያለቅስ ወይም የሚስቅ መሆኑን ለምዷል። እጸገነት ወረቀቱ ላይ ማኅተም መኖሩን ጠየቀችው። ማኅተሙን መታላት። ከዚያ፣ እዚያው እንደተቀመጠች፣ ለምን እንደማትበላ ጠየቀችው። ምግብ አፏ ሲገባ ጨርቅ እንደሚሆን፣ መዋጥ እንደሚያቅታት፣ ርሃብ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሰማት እንደማታስታውስ ነገረችው። ይህን ሁሉ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንደ አድራሻ ነው የተናገረችው፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር።

«ይሄ ጭንቀት ይሆናል» አለ ልዑልቃል፣ የሚቀጥለውን ካርድ እየሳበ። «አትጨነቂ።»

ውጪ የምትጠብቃት ሀምዲያ ይህን ስትሰማ ሳቋ መንገደኛ አዞረ። «አትጨነቂ! በቃ፣ መድኃኒቱን አገኘሽ። ስንት አስከፈለሽ?» ክንዷን ይዛ መንገድ ዳር ወዳለ ጭማቂ ቤት አስገባቻት፣ አንድ አቮካዶ አዘዘች፣ ሁለት ማንኪያ አስመጣች። ብርጭቆውን እጸገነት ፊት አቆመችው። ከዚያ፣ ያለወትሮዋ ቀስ ብላ፣ የባሏ ሱቅ መርካቶ ውስጥ የተቃጠለ ጊዜ እሷም እንዲህ ሆና እንደነበረ ነገረቻት። ጥርሷ እስኪነቃነቅ ከስታ ነበር። ያዳናት ማንም አይደለም፣ ሰዓት ነው። «ርሃብ እስኪመጣ አልጠበቅኩትም፤ እሱ ሄዷል፣ አይመጣም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ጉርሻ። አራት ሰዓት ሲሆን ሁለት። አጥሚት፣ ወተት፣ የሚወርደውን ሁሉ። እንደ ኪኒን። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ብዪ ሳይለኝ። ሰው ብዪ ባለኝ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር።»

«ርሃቡስ መጣ?»

«ከስድስት ወር በኋላ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ጥብስ ሸተተኝና አለቀስኩ። ረዳቱ ሒሳብ የጠፋብኝ መስሎት ‹ተዪው እናቴ› አለኝ።»

እጸገነት ከብርጭቆው ሩቡን ጠጣች። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ሀምዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።

ቤት ስትደርስ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል። አምኃ ከቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከሚሠራበት ጋራዥ ገብቶ እጁን በኦሞ እየታጠበ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይታያል። ሩቲ ወለሉ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጽጌሬዳ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ሳህኑን ልታመጣ ዞር ስትል እጸገነት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ትሪው አጠገብ አኖረችው። አምኃ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ አብሶ አነሳው። አንዴ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበው። የጋራዥ ጥቀርሻ ከጥፍሩ ሥር አይለቅም፤ ማኅተሙ አጠገብ የጣቱ አሻራ ቀረ።

«ነፃ ነው የሚለው» አለ።

ጽጌሬዳ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። እጸገነት ለእሷ ያዘጋጀችው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከለገሃር ጀምሮ በየመንገዱ ስትደጋግመው የዋለችው። «ሳህንሽን ውሰጂ፣ ጽጌ» አለች። «ኩባያውንም አንዴ ማጠብ ይበቃል።»

«ሳህኔ?» ጽጌሬዳ ፊቷ ቀላ። ወደ ባሏ ዞረች። «ንገራት። እኔ ይሄን አልሸከምልህም፣ አምኃ። አሥር ቀን ሙሉ የእኔ ክፋት መስሎ ኖሯል። ንገራት።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ አየር ሁኔታ አፏን ታንቀሳቅሳለች። አምኃ ወረቀቱን አላስቀመጠም፤ የሚናገረው ለወረቀቱ ይመስል ነበር።

«ፈየራን ታስታውሺዋለሽ? ባትሪ ቤት የነበረውን። እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አንገቱ ነው የቀጠነው። ዝም አልነው፣ ዝም አለን፣ ከዚያ ቀበርነው። እና... በቃ፣ ለሩቲ ብዬ ነው፣ እታለም። ሳህን ለዪላት ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጸገነት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ሰው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ እናታቸው የሞተች ሰሞን፣ አልበላም ሲል እየለመነች፣ እያባበለች፣ አንዳንዴም እየመታች አብልታዋለች። በዚህ ጠረጴዛ ላይ። አሁን ፊቱን ስታይ የሚሰማት ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር፣ የግንቦትን ገጽ ነው ያየችው።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» አለ።

ይህን ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ የጠየቃት የለም። ነገረችው። ዘጠኝ መሆናቸውን፣ የሚፈለጉት አራት መሆናቸውን፣ ፖስታውን፣ ሰኞዎቹን። አጭር ነበር፤ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስትጨርስ የአምኃ ፊት ተፈታ።

«ለዚህ ነው?» አለ። «ለዚህ ብቻ?»

ሳቀ። ጽጌሬዳም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች፣ ሩቲ ለምን እንደሆነ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች። ቤቱ በአንዴ ሞቀ። ጽጌሬዳ ወደ ጓዳ ሮጣ የነገውን ሥጋ ጠበሰችው፤ ቅቤው ሲንጫጫ እስከ ውጪ ይሰማል። ሥራ ቢቀር ሌላ ሥራ አለ፣ አለ አምኃ፣ ጋራዡ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ይፈለጋል፣ ሰው ጤና ይሁን እንጂ። ትልቁ ትሪ ወጣ፣ ጥብሱ ተዘረገፈ፣ ቦታዋን፣ የድሮ ቦታዋን፣ ለቀቁላት። የፈለገችው ይህ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። አምኃ ገና እንደተቀመጠ እንጀራውን በሰፊው ቆረሰ፣ ጥብሱን፣ ቃሪያውን፣ ሌላ ጥብስ ደረበበት፣ ጠቀለለውና ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አፏ ድረስ አመጣው።

«በይ እታለም፣ ክፈቺ። በሞቴ።»

አልከፈተችም። ጉርሻው ከንፈሯን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ቅቤው በወንድሟ አንጓ ላይ ወደ እጅጌው ይወርዳል።

«አስቀምጠው፣ አምኃ። በራሴ እጅ እበላለሁ።»

«በሞቴ አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ለዚህ ብቻም አልከው፤ እሱንም ሰምቻለሁ።»

በዚያ ቤት ጉርሻ ተመልሶ አያውቅም፤ በማንም ቤት አይመለስም። አምኃ እጁን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው። ወደ ትሪው ሊመልሰው አስቦ ተወው፣ ወደ ሚስቱ አየ፣ ሚስቱ ወደ ጓዳ አየች። በመጨረሻ ጉርሻውን ራሱ ጎረሰው። ለአንድ አፍ በጣም ትልቅ ነበር፤ ጉንጩ አበጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እስኪጨርስ ድረስም መናገር አልቻለም። ሲያላምጥ የሚሰማው የእሱ መንጋጋ ብቻ ነበር። እጸገነት ከፊቷ የጥፍር ያህል ቆረሰች፣ ጥብሱን ሳታስነካ፣ አፏ ከተተች። አኘከችው። ቆየች። አምኃ፣ ጽጌሬዳና ሩቲ እጃቸውን ሳይዘረጉ አንገቷን ያያሉ።

ዋጠችው።

«ብሉ እንጂ» አለች። «ምን ታዩኛላችሁ።»